«የህንዱ ምግብ ነው ያመመው?» ከባሮ ወደብ እስከ ሆቴል ቡፌ



በቅርቡ አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጇን ታቅፋ መጣች። በዋዜማው ቤተሰቡ የታላቅ ልጃቸውን ምረቃ ለማክበር አንድ ትልቅ ሆቴል ገብቶ ቡፌ በልቷል። ሩዝ፣ የዶሮ ከሪ፣ ምስር፣ ፓስታ፣ የዓሣ ጥብስ፣ ሰላጣ፣ ኬክ... የሌለ ነገር አልነበረም። ማታ ላይ ትንሹ ልጅ ያስመልሰው ጀመር፣ ሌሊቱን ደግሞ ተቅማጥ ተከተለ። እናቲቱ ገና ከመቀመጧ እንዲህ አለችኝ፦ «ዶክተር፣ ያ የህንዱ ምግብ ነው ያመመብኝ። ያ ቅመም ለእኛ ልጅ አይሆንም።»

ልጁ ድኗል፤ አሁን ይሮጣል። አባባሏ ግን አብሮኝ ከረመ። ምክንያቱም ጥፋተኛውን ከሳትነው ሁለተኛም እንታመማለን። በሚቀጥለው ጊዜ ከሪውን ትተን፣ የቆየ ሩዝና በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ ለልጃችን እናነሳለን። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ታሪክ ላውጋችሁ። ታሪኩ ጋምቤላ ይጀምራል፣ ህንድ ደርሶ ተመልሶ ጋምቤላ ያበቃል። መጨረሻው ላይ ልጃችሁን ሊያድን የሚችል ነገር አለ።

🔹 ወንዙ ያመጣው ገበታ

ብዙ ሰው ጋምቤላን ከዓለም የራቀች ከተማ አድርጎ ያስባል። ታሪኳ ግን ሌላ ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ውል ተፈራረሙ። በውሉ መሠረት በኢታንግ አካባቢ፣ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ የወንዝ ፊት ያለውና ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን አስተዳደር በኪራይ ተሰጠ። የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ነው። ኋላም ጣቢያው የተቆረቆረው ጋምቤላ ላይ ሆነ።

ክረምት ሲገባና ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሱ መርከቦች በነጭ ዓባይና በሶባት አድርገው ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ጨውና የጥጥ ጨርቅ ያራግፋሉ፤ ከጎሬና ከደምቢዶሎ በኩል የወረደውን ቡና፣ ቆዳና ሰም ጭነው ይመለሳሉ። ውሃው ሲጎድል መንገዱ ይዘጋል። በወደቡ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ሱቅ ከፍተው ነበር። በ1928 ዓ.ም. ወረራ ጣሊያን ያዘው፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1941 ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣ ጦር አስለቀቀው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ውል አበቃና ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

ይህን ሁሉ የማነሳው ለምንድን ነው? ጋምቤላ ብዙ የደጋ ከተሞች መኪና ሳያዩ የውጭ ዕቃና የውጭ ሰው ያየች ከተማ ስለሆነች ነው። «ዓለም አቀፍ» የምንለው ገበታ ለእሷ እንግዳ አይደለም።

የነባሩንም ሕዝብ ማዕድ እንመልከት። አኙዋክ በወንዝ ዳር በቆሎና ማሽላ ያመርታል፣ ከባሮና ከአልዌሮ ዓሣ ያወጣል። የኑዌር ቤት ወተትና ማሽላ አይጠፋበትም። ከእነዚህ አንዱ በቆሎ ራሱ ስደተኛ ነው፤ አገሩ አሜሪካ ነው። ከተማዋን የሚያጠላው፣ በወቅቱ ሲደርስ ልጆች አፋቸው ቢጫ እስኪሆን የሚበሉት ማንጎስ? ማንጎ መጀመሪያ የበቀለው በህንድና በአካባቢው ነው። ያቺ እናት «የህንድ ምግብ ለልጄ አይሆንም» ስትለኝ ልጇ ማንጎ ይወድ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ኧረ እሱን ካገኘ እንጀራ አይበላም!» አለችኝ።

🔹 ከግብር ወደ ቡፌ

«ቡፌ» ስንል ብዙዎቻችን ሁለት ነገር ይታየናል፦ አንዱ ሆቴል ያለው ረጅም የምግብ ጠረጴዛ፣ ሌላው እናቶቻችን ሳሎን ውስጥ ብርጭቆና ሳህን የሚደረድሩበት የመስታወት ቁም ሣጥን። ሁለቱም ከአንድ የፈረንሳይኛ ቃል የመጡ ናቸው። ቃሉ መጀመሪያ የዕቃ ማስቀመጫውን ይጠራ ነበር፤ ኋላ በላዩ ላይ የሚቀርበውን ምግብም መጥሪያ ሆነ።

ሰው ራሱ ተነስቶ የሚያነሳበት አበላል በስዊድን የቆየ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 በኒውዮርክ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ስዊድኖች ይህን ገበታ አቅርበው አሜሪካውያንን አስገረሙ። በ1940ዎቹ ደግሞ የላስ ቬጋስ ሆቴሎች «በአንድ ዶላር የፈለጉትን ያህል» ማለት ጀመሩ። ዓላማቸው ቁማርተኛው እንዳይወጣባቸው ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ «የፈለጉትን ያህል» የሚለው ቃል የተወለደው ለሆዳችን ታስቦ ሳይሆን ለገበያ ነው።

እኛስ? እኛ ግብር ነበረን። አፄ ምኒልክ ባሠሩት አዳራሽ ብዙ ሺህ ሰው በተራ እየገባ ይበላ ነበር። በግብር ምግቡ ወደ ሰው ይመጣል እንጂ ሰው ወደ ምግቡ አይሄድም። አሳላፊው ያቀርባል፣ ማዕረግ ይጠበቃል፣ ጥሬ ሥጋ በተሸከሙ ሰዎች ይዞራል። ለጤና ዋጋ ነበረው፦ የኮሶ ትል። አባቶቻችንና እናቶቻችን በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ጠጥተው ትሉን ያወርዱ እንደነበር ታውቃላችሁ። የጥሬ ሥጋው ገበታም የራሱ ሕመም፣ ሕመሙም የራሱ መድኃኒት ነበረው ማለት ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሆቴል ከፈቱ። እንደሚተረከው፣ ከፍሎ መብላት ነውር ስለነበር መጀመሪያ ደንበኛ ጠፋ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ገብተው ማለማመድ አስፈለጋቸው። ዛሬ ያው ሆቴል በጾም ቡፌው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1969 ሒልተን አዲስ አበባ ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ሸራተን አዲስ ሲመጣ የህንድ ምግብ ቤት አብሮት መጣ። አሁን በክልል ከተሞችም ስብሰባ፣ ሥልጠና፣ ሠርግና ምረቃ ያለ ቡፌ አይሆንም።

በዚህ ጉዞ አንድ ነገር ጠፍቶብናል። በመሶብ ዙሪያ ስንበላ እናት የልጁን ድርሻ ታውቃለች፤ አጉርሳ ታበቃለች። አዛውንት የስኳር ሕመም ካለባቸው ጎን ያለው «ይብቃዎ አባባ» ይላል። ቡፌ ላይ ግን ጠባቂ የለም። ሳህኑን የሚመጥነው፣ ምግቡን የሚመረምረው እያንዳንዱ ለራሱ ነው። ልጅ ደግሞ ራሱን መጠበቅ አይችልም።

🔹 ህንድ ቤታችን ከገባች ቆይታለች

የህንድ ነጋዴዎች ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በሐረርና በአዲስ አበባ ሱቅ ነበራቸው። ስመ ጥር የነበረው የመሐመድ አሊ የንግድ ቤት ጣሊያኖች በወረራው ዘመን እስኪያስወጡት ድረስ ቆይቷል። ከነፃነት በኋላ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ብዙ የህንድ መምህራን፣ በተለይ ከኬራላ፣ በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት ተመድበው ሒሳብና ሳይንስ አስተምረዋል። ከእናንተ መካከል ወላጆቻችሁ በእነሱ የተማሩ ብዙ ናችሁ።

በጋምቤላ ደግሞ «ህንድ» የሚለው ቃል በቅርቡ ጎልቶ የተሰማው በእርሻ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ 100,000 ሄክታር መሬት በኪራይ ወሰደ። በ2011 የባሮ ጎርፍ የበቆሎ ማሳውን አጠፋበት፤ በ2015 መጨረሻ ውሉ ተሰረዘ። በአልዌሮ ግድብ አካባቢ ደግሞ የሳዑዲ ስታር የሩዝ እርሻ ተጀመረ። ስለ መሬቱ ብዙ ክርክር ተደርጓል፤ እሱን ለታሪክ ጸሐፊዎች ልተወውና ወደ ማጀታችን ልግባ።

ቡፌው ላይ «የህንድ» ተብሎ የተጻፈበትን ድስት ክዳን አንሱት። ውስጡ ምን አለ? ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ከሙን፣ ድንብላል፣ ሄል፣ ቅርንፉድ፣ ምስር፣ የተነጠረ ቅቤ። እነዚህ ከእናንተ ማጀት የጠፉት መቼ ነው? እርድ የእስያ ተክል ነው፤ ዛሬ ግን ከጋምቤላ ጎረቤት ከቴፒ አካባቢ በብዛት ይመጣል። ሚጥሚጣውና በርበሬው ደግሞ ከአሜሪካ ወጥቶ ለእኛም ለህንዶችም የደረሰ የጋራ እንግዳ ነው። ሳምቡሳም መነሻው በመካከለኛው ምሥራቅ አካባቢ ሆኖ ወደ ህንድም ወደ እኛም የተጓዘ ነው።

እንግዲህ ከሪው ለልጃችን ሆድ ባዕድ አይደለም። እውነት ነው፣ በጣም የሚያቃጥል ምግብ የትንሽ ልጅን አፍና ሆድ ሊያስከፋ ይችላል፤ ጨጓራ ያለበትን አዋቂም ያቃጥላል። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ፣ ትኩሳት የሚያመጣ ሕመም ከቅመም አይመጣም። ከጀርም ነው የሚመጣው።

🔹 ታዲያ ማን ነው ያመመው?

እናቲቱን ሰዓት በሰዓት ጠየቅኋት። ምሳ የበሉት 7 ሰዓት ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ምግብ በልተዋል፤ ከልጁ በቀር የታመመ የለም። «ከዚያ በኋላስ ምን በላ?» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «የተረፈውን ሩዝ አስጠቅልለን ነበር» አለች። ሩዙ በፌስታል ሆኖ መኪና ውስጥ፣ ከዚያም ቤት ጠረጴዛ ላይ ዋለ። ማታ 1 ሰዓት ላይ ልጁ ራበኝ ሲል ለብ አድርጋ ሰጠችው። 3 ሰዓት ላይ ማስመለስ ጀመረ።

በላብራቶሪ አላረጋገጥነውም፤ ሰዓቱ ግን ብዙ ይናገራል። በሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ዘሩ ጠንካራ ሽፋን ስላለው ሩዙ ሲፈላ አይሞትም። ሩዙ ተቀቅሎ በክፍል ሙቀት ሲቆይ ዘሩ ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝ ያመነጫል። ያ መርዝ ደግሞ እንደገና ቢያሞቁትም አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ ከተበላ ከግማሽ ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስመልሳል። ሐኪሞች ይህን ነገር በደንብ ያወቁት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በእንግሊዝ አገር በቻይና ምግብ ቤቶች ተቀቅሎ ያደረ ሩዝ ተጠብሶ ሲቀርብ ደንበኞች በመታመማቸው ነው። ያኔም ሰው «የቻይና ምግብ ነው» ብሎ ነበር። ጥፋቱ የቻይናም የህንድም አልነበረም፤ የሰዓትና የሙቀት ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ደንብ ቀላል ነው፦ ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛ ምግብ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀመጥ። በመካከሉ ጀርም ይራባል። የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ። የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ 1 ሰዓት ይበቃዋል። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይጠጋል። የአዲስ አበባው «ይደር ግድ የለም» እዚያ አይሠራም።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ውሃና እጅ ነው። ይህንንም ጋምቤላ በመከራ አውቃዋለች። እ.ኤ.አ. በ2006 አገሪቱን ያዳረሰው አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) የጀመረው በጋምቤላ ክልል ነበር። በ2014 ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው በመጡ ሰዎች መጠለያዎች ውስጥ ሄፓታይተስ ኢ ተነሳ፤ ይህ በተበከለ ውሃ የሚተላለፍ የጉበት ሕመም ነፍሰ ጡር እናቶችን በተለይ ይጎዳል። በ2025 ደግሞ ኮሌራ እንደገና በአኮቦ ወረዳ ታየ። በእነዚህ ሁሉ ወረርሽኞች የቅመም እጅ የለበትም።

🔹 ከህንድ የመጣው ትልቁ ስጦታ

አሁን ወደ ቃል የገባሁላችሁ ነገር ልምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1971 ባንግላዴሽ በጦርነት ስትወለድ ሚሊዮኖች ድንበር ተሻግረው ህንድ ገቡ። በድንበሩ አጠገብ ባለችው በቦንጋኦን ኮሌራ ገባ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል ህንዳዊ የሕፃናት ሐኪም እዚያ ሲደርስ በሽተኞች ወለል ላይ ተኝተው አገኛቸው። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ እያለቀ ነበር፤ የሚሰጠው ሰውም አልበቃም። ስለዚህ ጨውና ግሉኮስ ለክቶ፣ በንጹሕ ውሃ እንዲበጠበጥ አድርጎ፣ እናቶችና ቤተሰቦች ራሳቸው በጽዋ እንዲያጠጡ አደረገ። ብዙ ሐኪሞች በዚያን ጊዜ ይህን አያምኑም ነበር። ውጤቱ ግን አፍ አዘጋ፦ እስከ 30 በመቶ ይደርስ የነበረው ሞት እሱ ባከማቸው ሕሙማን ዘንድ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ።

ያ ውህድ ዛሬ በየጤና ኬላው የምታገኙት ኦ.አር.ኤስ. ነው። በጋምቤላ መጠለያዎች፣ በኢታንግ፣ በፑኝዶ፣ በኩሌ ስንት ሕፃን እንዳዳነ የሚቆጥረው የለም። ያን ቀን ሌሊት ያቺ እናት የፈራችውን «የህንድ ነገር» ልጇ በማንኪያ እየተጎነጨ ነው የዳነው። ይህን ስነግራት ሳቀች፣ ከዚያም አለቀሰች።

🔹 ቡፌ ላይ ምን እናድርግ?

ለወላጆች፦

✅ ሳህን ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ዙር ተመልከቱ። ትኩስ መሆን ያለበት ምግብ እንፋሎት አለው? ከሥሩ እሳት አለ? ክዳን አለው? ለብ ያለ ከሆነ ለልጅ አታንሱ።
✅ ለልጅ አሁን ከማእድ ቤት የወጣውን ምረጡ። ዳቦ፣ ትኩስ ምስር፣ በደንብ የበሰለ ዶሮ፣ እሾሁ የተለቀመለት ዓሣ ጥሩ ነው።
✅ ፍራፍሬ ተልጦ የተቀመጠ ሳይሆን በእጃችሁ የምትልጡት ይሁን። ስለ ውሃው እርግጠኛ ካልሆናችሁ ጥሬ ሰላጣና በረዶ ይቅሩ።
✅ የማንሻ ማንኪያውን ብዙ ሰው ይነካዋል፤ ካነሳችሁ በኋላ፣ ከመብላታችሁ በፊት እጃችሁንና የልጁን እጅ በሳሙና ታጠቡ።
✅ በቡፌ የዋለ ምግብ አታስጠቅልሉ። በተለይ ሩዝ! ቤት የተሠራ ሩዝም ከተረፈ በ1 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ በማግስቱ ይበላ። ፍሪጅ ከሌለ ወይም መብራት ከጠፋ የሚበላውን ያህል ብቻ ቀቅሉ።
✅ ልጃችሁ ለኦቾሎኒ፣ ለካሹ ወይም ለወተት አለርጂ ካለበት አስተናጋጁን ጠይቁ። የህንድ ስልስ ብዙ ጊዜ ካሹና ክሬም አለበት።

ለስኳርና ለደም ግፊት ታካሚዎች፦

የጥንት የህንድ ሐኪሞች የስኳርን ሕመም «የማር ሽንት» ይሉት ነበር፤ ጉንዳን ወደ ሽንቱ ሲሰበሰብ አይተው ነው። እናንተም ጉንዳኑን አትጥሩት! የሳህናችሁን ግማሽ አትክልት፣ ሩቡን ሥጋ፣ ዓሣ ወይም ምስር፣ ሩቡን ብቻ ሩዝ ወይም እንጀራ ወይም ዳቦ አድርጉት። ሩዝ፣ ድንችና የህንድ ቂጣ ሦስቱንም ማንሳት ስኳርን ሦስት ጊዜ ማንሳት ነው። መድኃኒታችሁን «ዛሬ ብዙ ስለምበላ» ብላችሁ በራሳችሁ አትጨምሩ፣ አትዝለሉም። ግፊት ያለባችሁ ቋጨራና ጨው የበዛበትን መረቅ ቀንሱ።

ለነፍሰ ጡሮች፦ ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተትና ንጽሕናው ያልታወቀ ውሃ ፈጽሞ ይቅር።

🔹 ልጁ ከታመመስ?

✅ አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ. በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን (ብዙውን ጊዜ 1 ሊትር) በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጡ። በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀውን ድፉ።
✅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡ። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና ጀምሩ።
✅ ጡት አታቋርጡ፣ ምግብም አትከልክሉ። ስለ ዚንክ የጤና ባለሙያውን ጠይቁ።
✅ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፀረ ባክቴሪያም ሆነ ተቅማጥ ማቆሚያ አትስጡ።

⚠️ መጠጣት ካቃተው፣ ሁሉንም ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ለ6 ሰዓት ሽንት ካልሸና፣ በሰገራው ደም ካለ ወይም ተቅማጡ እንደ ሩዝ ውሃ ሆኖ ከበዛ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ባሮ ለጋምቤላ ጨው አመጣላት፣ ቡናዋን ወሰደላት። ገበታችንም እንዲሁ ነው፤ ከሩቅ የመጣ ነገር የሌለበት ማዕድ የለንም። እንግዳውን ምግብ አትፍሩት፤ ሰዓቱን ተመልከቱ፣ ውሃውን አፍሉ፣ እጃችሁን ታጠቡ። ከዚያ ልጃችሁን ይዛችሁ ከሪውንም ቅመሱ።

ጤና ይብዛላችሁ። ለወዳጅ ዘመድ አካፍሉ፣ ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ።